ሁለተኛው ቦርሳ

እናቴ የሶፍትቦል ዳኛ ነበረች። ይሄን ስናገር ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ "የምን?" ይለኛል፣ ቀጥሎ "እናትሽ?" ይለኛል። አዎ፣ እናቴ! አዳማ ተወልዳ ያደገችው ፀዳለ፣ ቁመቷ ከትከሻዬ የማያልፈው፣ ስልክ እንኳ በሹክሹክታ የምታወራው ሴትዮ፣ ቅዳሜ ሲመጣ የብረት ማስክ ፊቷ ላይ ደፍታ አሜሪካኖቹን ልክ የምታስገባ ዳኛ ነበረች። ጨዋታውን የማያውቅ ካለ ብዙ አይጨነቅ። አንዷ ልጅ ትወረውራለች፣ ሌላዋ በዱላ ትመታለች፣ ከመቺዋ ኋላ ያጎነበሰችው እናቴ ደግሞ ውርወራው ልክ መሆን አለመሆኑን ትፈርዳለች። ልክ ከሆነ "ስትራይክ!" ትላለች። ወይ ጉድ፣ ያ ድምፅ! የመኪና ማቆሚያው ድረስ ይሰማ ነበር።

አንድ ቀን አንድ ቦርጫም አሰልጣኝ "ለመሆኑ እንግሊዝኛ ትችያለሽ?" ብሎ ጮኸባት። እኔ ወንበር ስር ልገባ ደረስኩ። እናቴ ጀርባዋን ሰጠችው፣ ከኪሷ ብሩሽ አወጣች፣ ጎንበስ ብላ መሬት ላይ የተቀበረችውን ነጭ ሰሌዳ መጥረግ ጀመረች። ሰሌዳዋ እኮ ንጹሕ ናት! ጠረገች፣ ጠረገች፣ ሰውዬው ደክሞት እስኪቀመጥ ድረስ ጠረገች። ከዚያ ማስኳን መልሳ "ፕሌይ!" አለች። ያን ዕለት ሳልወድ በግዴ ኮራሁባት።

የእንጀራ ሥራዋ ሮቢንስዴል ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ ነበር። የቀዶ ጥገና መሣሪያ ታጥባለች፣ ትቆጥራለች፣ በትሪ ደርድራ ታሽጋለች። እዚያ አንድ መቀስ ከጎደለ ትሪው በሙሉ ይመለሳል፣ ለእያንዳንዱ ትሪም ተጠባባቂ ይዘጋጃል። "ሐኪሙ እጁን ሲዘረጋ የለም አይባልም" ትል ነበር። ይሄንኑ ልማዷን ወደ ሜዳ ይዛው መጣች። ዓርብ ዓርብ ከሥራ ስትመለስ የሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ሁለት ቦርሳ ትከፍታለች። አንደኛው የራሷ ነው። ሁለተኛው የትርፍ ነው፤ ትርፍ ማስክ፣ ትርፍ የቅልጥም መከላከያ፣ ትርፍ ብሩሽ፣ ውርወራ የምትቆጥርበት መዳፍ ውስጥ የሚያዝ መቁጠሪያ፣ የጫማ ክር፣ ካልሲ። ሸሚዝ በሁለት ቀለም ትይዛለች፣ ምክንያቱም አብረው የሚዳኙ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ካልለበሱ አይሆንም። ክዳኑ ውስጥ በፕላስተር የለጠፈችው ዝርዝር ነበር። እያንዳንዱን ዕቃ በጣቷ እየነካች ጮክ ብላ ትቆጥራለች። እኔ ሶፋው ላይ ተጋድሜ ቴሌቪዥኑ አልሰማ ብሎኝ እነጫነጫለሁ።

ጫማውን ያገኘሁት አስራ አንድ ዓመቴ ላይ፣ ትምህርት በተዘጋ ሰሞን ነው። ማስቲካ ስፈልግ እጄን ወደ ሁለተኛው ቦርሳ ሰደድኩ። ከማስኩ ስር በፌስታል የተጠቀለለ ጥቁር ትልቅ የወንድ ጫማ አለ፣ በአሜሪካ ልክ አስራ አንድ ቁጥር። ከጫማው ስር የተተኮሰ ረጅም ግራጫ ሱሪ፣ የወንድ ሸሚዝ፣ ፎጣ፣ ሳሙና፣ አዲስ የጥርስ ብሩሽ፣ ምላጭ። ማስቲካውን ረሳሁት። ዳኝነት ሳሙና ምን ይሠራለታል?

"ማሚ፣ ይሄ የማነው?" አልኳት በእንግሊዝኛ።

እናቴ ጫማውን ከእጄ ወስዳ እንደነበረ ጠቀለለችው። "ትርፍ ነው" አለችኝ።

"የማን ትርፍ?"

"ዮሐና፣ ትርፍ ነው አልኩሽ። ለማንም እንዳታወሪ።"

ለማንም እንዳታወሪ! እንዲህ የተባለ ልጅ ሌላ ምን ያስባል? አባቴ ቦጋለ የረጅም መንገድ ትራክ ነው የሚነዳው፣ ቤት የሚመጣው በሦስት ሳምንት አንዴ ነበር። የዚያን ሰሞን ደግሞ የጓደኛዬ የሲንቄ ወላጆች ተለያይተው፣ ሲንቄ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሁለት ቦርሳ ይዛ ትዞር ነበር። እኛም ቤት ሁለት ቦርሳ አለ። ሒሳቡን ደመርኩና መልሱ ጋሽ ኤዶሳ ሆኖ አገኘሁት።

ጋሽ ኤዶሳ ከእናቴ ጋር የሚዳኝ ረጅም ሰውዬ ነው። ወደ ዳኝነት ያስገባትም እሱ ነበር። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ እኔን ለጨዋታ ስታመጣ አንድ ዳኛ ቀርቶ፣ ጋሽ ኤዶሳ ትርፍ ማስኩን አውጥቶ "ነይ ቁሚ፣ እኔ እነግርሻለሁ" አላት። ቆመች፣ በዚያው ቀረች። ያኔ የራሱ መኪና፣ የራሱ ትልቅ ቦርሳ ነበረው። በዚያ በጋ ግን ፊሊፕስ የሚባለው ሰፈር፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አንዲት ፌስታል ይዞ ነው የምናገኘው። ቤቱን አሳይቶን አያውቅም። መኪና ውስጥ እንደገባ ከእናቴ ጋር በኦሮምኛ ያወራሉ። እኔ ከኦሮምኛ የማውቀው "ና ብላ" የሚባልበትን ብቻ ስለነበር፣ የማልሰማው ሁሉ የፍቅር ወሬ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ከዚያ ደግሞ ሜዳ የምንደርሰው ከጨዋታው ሁለት ሰዓት ቀድመን ነው። "ሜዳውን ለማየት" ትላለች እናቴ። ሜዳ ምኑ ይታያል፣ ሣርና አፈር! ጋሽ ኤዶሳ የዳኞች ክፍል በር ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ኪሱን ዳበስ ዳበስ ያደርጋል።

"ፀዳለ፣ ዛሬም ረስቼ መጣሁ እኮ" ይላታል በአማርኛ።

"ምን ችግር አለ ጋሼ፣ ትርፍ አለኝ" ትለዋለች።

ሁለተኛውን ቦርሳ ይዞ ይገባል። እናቴ በሩ ላይ ትቆማለች። ሰው ከመጣ "ትንሽ ጠብቁ፣ ወለሉ እርጥብ ነው" ትላለች። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ፀጉሩ የረጠበ፣ ጺሙ የተላጨ፣ ሱሪው የተተኮሰ ሌላ ሰው ይወጣል። አጠገቤ ሲያልፍ የቤታችንን ሳሙና ይሸታል። በየሳምንቱ ልብሱን የሚረሳ ትልቅ ሰው! እናቴን ደግሞ ተመልከቷት፣ በር ላይ እንደ ዘበኛ ቆማ። አፈርኩባት፣ ተናደድኩባት፣ አሁን ይሄን ስጽፍ ጆሮዬ ድረስ ትኩስ ይለኛል።

ለአባቴ ደወልኩለት። "ዳዲ፣ ማሚ ቦርሳ ውስጥ የወንድ ጫማ አለ" አልኩት። የትራኩ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከዚያ በቀጭን ድምፅ "የእናትሽን ቦርሳ አትነካኪ፣ እሺ? በኋላ እደውላለሁ" ብሎ ዘጋው። ልቡ ተሰበረ ብዬ አልቅሼ ተኛሁ።

የዋንጫው ጨዋታ የደረሰው ይሄን በመሰለ ጊዜ ነው። በኦገስት የዓመቱ ፍጻሜ ጨዋታ ይደረጋል። እናቴ ፍጻሜውን ከመቺዋ ኋላ ቆማ እንድትዳኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመደበች። ከአራት ዓመት በኋላ! የምደባው ኢሜይል የመጣ ዕለት ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዋን "ስትራይክ!" ብላ ጮኻ የጎረቤት ሰው ግድግዳ መታብን። በየመስመሩ የሚቆመው ሁለተኛ ዳኛ ደግሞ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋሽ ኤዶሳ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ሻወር ስትገባ ቦርሳውን ከፈትኩት። ጫማውን፣ ሱሪውን፣ ሸሚዙን፣ ፎጣውንም ሳሙናውንም አውጥቼ አልጋዬ ስር ወሸቅኩ። እንዳይቀልባት ብዬ በምትኩ የክረምት ጃኬቴንና ፒንኩን የበረዶ ቦቴን ጠቀጠቅኩበት። ሐሳቤ ግልጽ ነበር። ሰውዬው ልብስ ካጣ ያፍራል፣ ካፈረ አይመለስም፣ ካልተመለሰ ቤታችን ቤት ሆኖ ይቀጥላል።

ሜዳው ላይ እንደወትሮው "ረስቼ መጣሁ" አለ፣ እሷም "ትርፍ አለኝ" አለች። ቦርሳውን ይዞ ገባ። ወዲያው ተመልሶ ወጣ። በአንድ እጁ አንዷን ፒንክ ቦት ይዟል። እናቴን አየ፣ ቦቷን አየ፣ ሳቅ አለና በኦሮምኛ የሆነ ነገር አላት። ሳቅ ነው ያልኩት ያኔ ነው። ዛሬ ያን ፊት ሳስታውሰው ጥርሱ ብቻ ነበር የታየው።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። የጫማዬን ክር ቀዳዳ አሥር ጊዜ ቆጠርኩት።

ዳኞችን የምትመድበው ሴትዮ ሰዓቷን እያየች መጣች። ጥሩ ሰው ናት ግን ሕግ ወዳድ ናት፤ ዳኛ ከፍጻሜ ጨዋታ አንድ ሰዓት ተኩል በፊት ለብሶ ሜዳ ላይ ካልተገኘ ምድቡን ያጣል። ጋሽ ኤዶሳን በቲሸርትና በነጠላ ጫማ ስታየው ፊቷ ተለወጠ። "ዩኒፎርምህ የታለ?" አለችው።

"የኔ ጥፋት ነው" አለች እናቴ። "ቦርሳው እኔ ጋ ነበር፤ ተሳስቼ የልጄን ቦርሳ ጭኜ መጣሁ። እሱ ምንም አላጠፋም።"

"ፀዳለ፣ ተይ" አለ ጋሽ ኤዶሳ ቀስ ብሎ።

"ልሂድና ላምጣው" አለቻት እናቴ ለሴትዮዋ። "ለጨዋታው እደርሳለሁ።"

ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች። "አሁን ከሄድሽ ከመቺዋ ኋላ መቆሙን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ። ለሰዓቱ አትደርሺማ።"

"ለሱ ስጪው" አለች እናቴ፣ ጣቷን ወደ ጋሽ ኤዶሳ ጠቁማ። "ከኔ ይበልጣል። ያስተማረኝ እሱ ነው። ሰዓት ያፈረስኩት እኔ ነኝ፣ የምቀጣውም እኔ ልሁን።"

ሴትዮዋ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። በመጨረሻ ከጎረቤት ሜዳ ተጠባባቂ ዳኛ ለመስመር ጠራች፣ ጋሽ ኤዶሳን ከመቺዋ ኋላ መደበችው፣ የእናቴን ስም ደግሞ ሰረዘችው። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ እናቴ ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም።

እስከ ቤታችን፣ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ድረስ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ቀበቶሽን እሰሪ።" ቤት ስንደርስ "መኪና ውስጥ ጠብቂኝ" ብላ ሮጠች። ስልክ እያወራች የሞላ ፌስታል ይዛ ወጣች። ከላይ የአባቴ የቤተ ክርስቲያን ጫማ ይታያል። የአባቴን ጫማ! የራሱን ልብስ ብደብቅበት የአባቴን ልታለብሰው ነው። ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ጥርሴን ነከስኩ።

ጋሽ ኤዶሳ በአባቴ ጫማና ሱሪ፣ በእናቴ ማስክ የፍጻሜውን ጨዋታ ዳኘ። አቤት ሲዳኝ! በመጨረሻው ዙር አንዷ ልጅ አፈር ለአፈር ተንሸራታ ሰሌዳዋን ስትነካና ኳሱ ሲደርስ አንድ ሆነ። ኳሱ ከቀደማት ነጥቡ የለም። እሱ አልተጣደፈም፤ አየ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ "ደርሳለች!" አለ። የተሸነፉት አሰልጣኝ እንኳ አልተከራከሩትም። እናቴ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከተመልካች ጋር፣ እኔ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። እያንዳንዱ ውርወራ ሲመጣ ጉልበቷ ላይ ያረፈው ቀኝ እጇ በትንሹ ይንቀሳቀስ ነበር። ስትራይኩን ሁሉ ከእሱ ጋር እየቆጠረች ነው።

ሌላ የዋንጫ ጨዋታ አልደረሳትም። በሚቀጥለው ዓመት አልተመደበችም፣ ከዚያም ጉልበቷ መታመም ጀመረ፣ ማጎንበስ አቃታት።

ጫማውን ከአልጋዬ ስር አውጥቼ ቦርሳው ውስጥ የመለስኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። አባቴ ሊመጣ ነው ሲባል እንዳያገኘው ፈርቼ። እናቴን እያዳንኳት ነበር እኮ፣ ልብ በሉልኝ! በኖቬምበር ደግሞ ጋሽ ኤዶሳ ቤታችን መጣ። የበሽተኛ ማመላለሻ ቫን መንዳት ጀምሮ ነበር። ፒንኩን ቦቴን አጥቦ መለሰልኝ፣ ከእሱ ጋር ሌላ አዲስ ፒንክ ቦት፣ አንድ ቁጥር የሚበልጥ። "እግርሽ አድጓል ብዬ" አለኝ። ሳልነካው ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። አባቴ ሳሎን ተቀምጦ ከሰውዬው ጋር እየሳቀ ሲያወራ ሰምቼ፣ አይ አባቴ፣ ምንም አያውቅም ብዬ አዘንኩለት።

ይሄን ሁሉ ይዤ አደግኩ። እናቴን አልጠላኋትም፣ ግን በልቤ አንድ ወንበር ዝቅ አድርጌ አስቀመጥኳት። በሃያ ስምንት ዓመቴ እኔም ዳኝነት ጀመርኩ፣ ነገርዬው ደም ውስጥ ገብቶ ቀረ መሰለኝ። ባለፈው ኤፕሪል አዲስ ዳኞች በዚያችው የዳኞች ክፍል ተሰብስበን ሳለን፣ ልምድ ያካፍሉ ተብለው የተጋበዙት ጋሽ ኤዶሳ ሆነው አረፉት። ሸብተዋል። አሁን የራሳቸው ሦስት ቫኖች አሏቸው። ስለ ሕግ ያወራሉ ብዬ ደብተር አወጣሁ።

"ይቺን ሻወር ታዩዋታላችሁ?" አሉ። "አንድ በጋ ሙሉ ሌላ ሻወር አልነበረኝም። መኪናዬ ውስጥ ነበር የማድረው። በኋላ መኪናዋም ተወሰደች፣ የዳኝነት ዕቃዬም አብሯት ሄደ። ቤት አልነበረኝም፣ ሥራ አልነበረኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ዳኛ ነበርኩ። ከሜዳውም ብባረር ኖሮ የሚቀረኝ ነገር አልነበረም። አብራኝ የምትዳኝ ሴት ልብሴን ቤቷ አጥባ፣ ተኩሳ ታመጣልኝና በዚያች በር ላይ ትቆምልኝ ነበር። አንድ ቀን ምን ሆነህ ነው ብላኝ አታውቅም። ረስቼ መጣሁ እላታለሁ፣ ትርፍ አለኝ ትለኛለች። ስለዚህ ትርፍ ያዙ። ከሕጉ በላይ የምነግራችሁ እሱን ነው።"

ንግግራቸውን ሲጨርሱ ወደ እኔ አዩና ፈገግ አሉ። ስለ ፒንክ ቦት አንዲት ቃል አላነሱም።

እናቴ ቤት እስክደርስ መኪናዬን እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። እናቴ እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ልብስ ታጥፋለች።

"ማሚ፣ ጫማውን ያወጣሁት እኔ ነኝ" አልኳት።

"የቱን ጫማ?"

"የጋሽ ኤዶሳን። የዋንጫው ቀን።"

"እሱን ነው እንዴ!" ብላ ሳቀች። "አንቺ ልጅ፣ ታዲያ ቦቱ በራሱ እግር ሄዶ ቦርሳ ገባ ብዬ ኖሯል? በማግስቱ አልጋሽን ሳነጥፍ ሁሉንም አይቼዋለሁ። ራስሽ እስክትመልሺው ብዬ ተውኩት።"

"ለምን አልተቆጣሽኝም?"

"ልቆጣሽ ብል ምክንያቱን መንገር ነበረብኛ። የሰውን ገመና ለልጅ ልንገር?"

"እኔ እኮ... አንቺና እሳቸው መስሎኝ ነበር።"

"አባትሽ ነግሮኛል። ጫማውን የገዛው እሱ አይደል! የደወልሽለት ዕለት ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት መኪናውን ዳር አቁሞ ነው የደወለልኝ።"

እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። "ያን ጨዋታ አራት ዓመት ጠብቀሽው ነበር" አልኳት። "እኔ ደግሞ ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት በክፉ ዓይን አየሁሽ። ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።" የያዘችውን ፎጣ አጥፋ ጨረሰችና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። "ዮሐና፣ አንቺ እኔን ብትጠረጥሪኝ እናትሽ ነኝ፣ የትም አልሄድም። እሱን ብትንቂው ግን፣ ሰውየው በዚያን ጊዜ ያንን የሚችልበት ጉልበት አልነበረውም።"

አለቀስኩ፣ እንደ አስራ አንድ ዓመት ልጅ። እሷ "በቃ፣ በቃ" እያለች እያነከሰች ቁም ሣጥን ድረስ ሄዳ አንድ ካርቶን አመጣችልኝ። ውስጡ ያ አንድ ቁጥር የሚበልጠው ፒንክ ቦት ነበር፣ ወረቀቱ እንኳ ያልወጣለት።

አሁን ዓርብ ዓርብ ሁለት ቦርሳ አዘጋጃለሁ። ፎጣና ሳሙናም እይዛለሁ። ቦቱ ሁለተኛው ቦርሳ ውስጥ፣ ከሁሉም ስር ነው፣ በዝርዝሩም ላይ አለ። አብረውኝ የሚዳኙት በጁላይ ሙቀት ሲያዩት በሳቅ ይፈርሳሉ፣ ይሄ ደግሞ ምንድነው ይሉኛል።

ትርፍ ነው እላቸዋለሁ።